ከጌሊክ እግር ኳስ ግጥሚያ በፊት፦ ስለ ጎረቤታሞች ፉክክርና ተረብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው በምዕራብ አየርላንድ፣ ሜዮና ሮስኮመን የሚባሉት ሁለት ካውንቲዎች (እንደ አውራጃ ያሉ ክፍሎች) በሚዋሰኑበት አካባቢ ነው። ሥራዬ በአረጋውያን መኖሪያ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን መንከባከብ ነው። የአየርላንዶች የራሳቸው ጨዋታ የሆነው የጌሊክ እግር ኳስ በሚጋጋልበት በግንቦትና በሰኔ፣ አዲስ የመጡ ወገኖቼ እየደወሉ «የሥራ ባልደረቦቼ ተጣልተዋል መሰለኝ፤ ምን ልሁን?» ይሉኛል። አልተጣሉም። የሚሰሙት ተረብ ነው። እኔ ደግሞ ይህን ተረብ ከልቤ ስለምወደው፣ የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አሰባስቤያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ጨርሶ አላውቀውም። ተረቡን ለመከታተል ምን ያህል ማወቅ አለብኝ?

ጥቂት ይበቃል። በየወገኑ 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሷን በእጅም በእግርም መጫወት ይቻላል። ግቡ በአግዳሚ የተያያዙ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች አሉት። ኳሷ ከአግዳሚው በታች ገብታ መረቡን ከነካች ጎል ነው፤ 3 ነጥብ ያስገኛል። ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ካለፈች 1 ነጥብ ነው። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ 40 ሜትር ላይ ከተሰመረው ቅስት ውጭ ተመትታ በላይ ያለፈች ኳስ 2 ነጥብ ታስገኛለች። ስለዚህ ውጤት «1-12» ተብሎ ሲጻፍ አንድ ጎልና 12 ነጥብ፣ በድምሩ 15 ማለት ነው።

ካውንቲዎች በየዓመቱ የሚፋለሙበት ትልቁ ሽልማት የሳም ማጓየር ዋንጫ ነው። ሰዉ ባጭሩ «ሳም» ይለዋል፤ እንደ ሰው ነው የሚያወሩለት። «ሳም ዘንድሮ የት ይከርማል?» ሲባል ከሰሙ፣ ስለ አንድ የጠፋ ዘመድ እየተወራ አይደለም።

ፉክክሩ ይህን ያህል የበረታው ለምንድን ነው?

ተጫዋቹ የሚጫወተው ለተወለደበት ወይም ላደገበት ቦታ ስለሆነ ነው። ጨዋታውን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር በ1884 ተርልስ በምትባል ከተማ ሲመሠረት መሠረቱን የጣለው በአጥቢያ ላይ ነው፤ እዚህ አጥቢያ ስል በትክክል እኛ የምናውቀውን፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውን ሰፈር ማለቴ ነው። የአጥቢያው ክለብ ሜዳ አለው፤ አባት የተጫወተበት ሜዳ ላይ ልጅ ይጫወታል። ከየክለቡ የተመረጡት ደግሞ የካውንቲውን መለያ ይለብሳሉ። ተጫዋች አይሸጥም፤ አይገዛም። ደመወዝም የለም። ኬሪ የምትባለው ካውንቲ ካፈራቻቸው ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ዴቪድ ክሊፎርድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው። እሑድ በሰማንያ ሺህ ሰው ፊት ተጫውቶ በማግስቱ ጠመኔ ይዞ ክፍል የሚገባ ሰው ሌላ የት ይገኛል?

እንግዲህ ባላጋራው ማን እንደሆነ ያስቡት። ሩቅ አገር ያለ፣ በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቁት ሰው አይደለም። የሚስትዎ ወንድም ነው፤ ወይም ወተት የሚያመጣልዎት ገበሬ፣ ወይም ልጅዎን የሚያስተምረው መምህር። ኪላርኒ የምትባለውን የኬሪ ከተማ ብንወስድ ዶክተር ክሮክስና ሌጅን የሚባሉ ሁለት ክለቦች በአንድ ከተማ ውስጥ ይኖራሉ። የክለብ ግጥሚያ በደረሰ ጊዜ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሱቆች የተለያየ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ቆየት ብሎ ኬሪ ስትጫወት እነዚያው ተፋላሚዎች አንድ መለያ ለብሰው ኳስ ይቀባበላሉ። ትናንት «ጎረቤቴ መጫወት አይችልም» ሲል የነበረው ሰው ዛሬ «የጎረቤቴ ልጅ ነው!» እያለ ይጮኻል፤ ሁለቱንም ከልቡ ነው።

ተረቡ መቼ ይጀምራል? ምንስ ይመስላል?

ዕጣው ወጥቶ ማን ከማን እንደሚጋጠም በታወቀ ደቂቃ ይጀምራል። በግጥሚያው ሳምንት ግን ዓይንም ጆሮም ይሞላል። በየመስኮቱና በየመኪናው ባንዲራ ይወጣል። ገበሬዎች የተጠቀለለውን የከብት መኖ በካውንቲያቸው ቀለም ይቀቡታል፤ በግ የቀባም አይቻለሁ። ልጆች መለያ ለብሰው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ከሌላ ካውንቲ የመጣች መምህርት ያን ሳምንት ዕረፍት የላትም። ቄሱ እንኳ ቅዳሴውን ከጨረሱ በኋላ ስለ እሑዱ ጨዋታ አንድ ነገር ጣል ሳያደርጉ ምእመናኑን አያሰናብቱም።

ከሁሉም የማይረሳኝ ግን የእንቁላሉ ነገር ነው። በምሠራበት ቤት አባባ እያልኩ የምጠራቸው፣ ሰማንያን የተሻገሩ የሜዮ ሰው ነበሩ። ወጥ ቤት ያለችው ሴት ደግሞ የሮስኮመን ተወላጅ ነች። ሁለቱ ካውንቲዎች ሊጋጠሙ ሦስት ቀን ሲቀራቸው የአባባን ቁርስ ይዤ ስገባ፣ የተቀቀለው እንቁላል ሙቀቱን እንዲይዝ በክር የተሠራ ትንሽ ቆብ ተደፍቶበታል፤ ቆቡ ነጣ ያለ ቢጫና ሰማያዊ ነው፤ የሮስኮመን ቀለም። አባባ መነጽራቸውን አድርገው እንቁላሉን አገላብጠው አዩት። ምንም አልተናገሩም። ቆቡን አንስተው፣ እንቁላሉን ከአናቱ ከፍተው በማንኪያ እስከ ጥጉ ጠርገው በሉት። ከዚያ ባዶውን ቅርፊት ገልብጠው ድፍኑን ወደ ላይ አቆሙትና ቆቡን መልሰው ደፉበት። ያልተነካ እንቁላል መሰለ። «ውሰጂላት፤» አሉኝ፤ «አልበላውም ብለዋል በያት። ስትሰብረው ሮስኮመንን ታገኛታለች፤ ከላይ ያማረች፣ ከውስጥ ባዶ።»

ወጥ ሰሪዋ ቅርፊቱን በማንኪያ ስትመታው ወደ ውስጥ ተሰበረ። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያም «ቆይ፣ ለነገ» አለች። በማግስቱ የአባባ ትሪ ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ወተት፣ ስኳርና ማስቀመጫ ሰሐን ነበር፤ ስኒ የለም። በእንግሊዝኛ የመጠጫው ስኒና የሽልማቱ ዋንጫ በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት፤ በእኛም ቢሆን ዋንጫ ድሮ ጠጅ መጠጫ ነው። ወረቀት አብራ ልካለች፦ «የሜዮ ሰው ያለ ዋንጫ መኖር ከ1951 ጀምሮ ለምዷል።»

የኬሪ ባልደረባዬ የእኛን ቡድን ያሞግሳል፤ የራሱን ያጣጥላል። ተስፋ ቆርጦ ነው?

በፍጹም! ይህ የተረቡ ሁሉ ቁንጮ ነው፤ አብዛኛው መጤ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

በዋንጫ ብዛት ኬሪን የሚያህል የለም። ከ2025ቱ ድል ጋር 39 ደርሳለች። ነገር ግን ከግጥሚያ በፊት የኬሪን ሰው ቢያናግሩት ንግግሩን «ዬራ» በምትል ቃል ይጀምራል፤ «ኧረ ተወኝ» እንደማለት ያለች፣ ትከሻን ከመስበቅ የማትለይ ቃል ነች። «ዬራ፣ የእኛ ልጆች ገና ናቸው። ግማሾቹን ጉልበታቸውን አሟቸዋል። እናንተን ዘንድሮ ማን ያቆማችኋል?» ይላል። ፊቱ ላይ ሐዘን እንጂ ሌላ አይነበብም።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመፍታት ከማንም ይቀርባል፤ ሰምና ወርቅ ነውና። ሰሙ ምስጋና ነው። ወርቁ ደግሞ ሦስት ነገር ይዟል። አንደኛው፣ እናንተ ካሸነፋችሁ «ድሮም ብያለሁ» ብሎ ነገሩን ያቀለዋል። ሁለተኛው፣ እሱ ካሸነፈ ያሸነፈው ግዙፎችን ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ «ታሸንፋላችሁ» የሚለውን ሸክም እናንተ ጫንቃ ላይ አስቀምጦ በባዶ እጁ ወደ ሜዳ ይሄዳል። በጨዋታው የተመላለሱ ሰዎች ይህን ሸክም ከማንኛውም ተከላካይ በላይ ይፈሩታል።

ታዲያ ምን ይመልሳሉ? «አመሰግናለሁ» ካሉ አለቀልዎት፤ ሸክሙን ተቀበሉ ማለት ነው። «አዎ፣ እናሸንፋችኋለን» ካሉም ወጥመዱ ውስጥ ገቡ። ትክክለኛው መልስ ምስጋናውን ከነወለዱ መመለስ ነው፦ «እኛማ የመጣነው ከእናንተ ልንማር ነው። 39 ዋንጫ ያለው ቤት በር ላይ መቆማችንም ክብር ነው።» ይህን በረጋ ፊት ከተናገሩ ባልደረባዎ አንድ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል። ያ ቅንድብ ከብዙ ምስጋና ይበልጣል።

የደብሊንና የኬሪ ፉክክር ለምን ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ይወራል?

ከተማና ገጠር ስለሚገናኙበት ነው። የደብሊን ሰው የገጠሩን «ከልቺ» ይለዋል፤ የገጠሩ የደብሊኑን «ጃኪን»። ሁለቱም ቃላት ንቀት አለባቸው፤ ሁለቱም በፈገግታ ይባላሉ። ደብሊን 31 ዋንጫ አላት፤ ሁለተኛ ነች። ፉክክሩ የዛሬ መልኩን የያዘው በ1970ዎቹ ነው፤ በ1975 ኬሪ በፍጻሜው አሸነፈች፣ በ1976 ደብሊን በተራዋ በፍጻሜ መለሰች፣ በ1977 በግማሽ ፍጻሜ ደገመች፤ በ1978ና በ1979 ደግሞ ኬሪ በፍጻሜ አከታትላ ተበቀለች። በ2011 በመጨረሻዋ ደቂቃ የደብሊኑ ግብ ጠባቂ ስቲቨን ክላክስተን ከግቡ ድረስ ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ ቅጣት ምቷን በቋሚዎቹ መካከል አሳለፈና 1-12 ለ 1-11 አለቀ። በ2022 ግማሽ ፍጻሜ ኬሪያዊው ሾን ኦሼ ከሩቅ፣ ነፋስ ፊት ለፊት እየመታው፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ያንኑ አደረገ። በ2023 ፍጻሜ ድሉ ወደ ደብሊን ተመለሰ። ብድር የማያልቅበት ቤት ነው።

ስለ ሜዮ እርግማን ማንሳት ይፈቀዳል?

በጥንቃቄ። በመጀመሪያ ታሪኩን እንዲህ ነው የሚያወሩት፦ ሜዮ በ1951 ዋንጫውን ወስዳ ተጫዋቾቹ በደስታ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ፎክስፎርድ የምትባል ከተማ ላይ የቀብር ሥነ ሥርዓት ደረሱ። መኪናቸውን ሳያቆሙ፣ ለሟቹ ክብር ሳይሰጡ አለፉ። ቄሱ ተቆጥተው «ከዚህ ቡድን አንድ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ሜዮ ዳግመኛ አታሸንፍም» ብለው ረገሙ ይባላል። አፈ ታሪክ ነው። ነገር ግን ለቀብር ከበቅሎ መውረድን እያየ ላደገ ሰው የታሪኩ ክብደት ይገባዋል።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ግን አፈ ታሪክ አይደለም። ሜዮ ከ1989 እስከ 2021 ድረስ 11 ፍጻሜዎችን ተሸነፈች። በ2013፣ በ2016 በድጋሚው ጨዋታ፣ እንዲሁም በ2017 በደብሊን የተሸነፈችው በአንዳንድ ነጥብ ብቻ ነው። አንድ ነጥብ! ከ1951 ቡድን በመጨረሻ በሕይወት የነበሩት ፓዲ ፕረንደርጋስት በ2021 ዐረፉ፤ ሜዮ ግን እስካሁን አላሸነፈችም።

ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ነው፦ የሜዮ ሰው ራሱ እርግማኑን ካነሳ አብረው ይስቁ። የጎልዌይና የሮስኮመን ሰዎች ማንሳት ይችላሉ፤ ጎረቤት ናቸውና መልሱን ይቀበላሉ። የሮስኮመን ሰው «1951» ሲል የሜዮው ሰው በርጋታ «የእናንተስ የመጨረሻው መቼ ነበር?» ይለዋል። መልሱ 1944 ነው። መጤ የሆነ ሰው ግን ቢያንስ አንድ የሽንፈት ዓመት አብሯቸው ሳያሳልፍ በዚህ ጉዳይ ባይቀልድ ይሻላል። አባባ 1951ን በልጅነታቸው በሬዲዮ የሰሙ ሰው ነበሩ። ሬዲዮው የጎረቤት እንደነበረና በመስኮት በኩል እንዳዳመጡ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይቀጥን ነበር።

በአንድ ከተማ ውስጥ የሁለት ካውንቲ ደጋፊዎች ይኖራሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ከእኛ ቅርብ ያለችው ባላሃደሪን ምስክር ነች። በ1898 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ከተማዋን ከሜዮ አውጥቶ ወደ ሮስኮመን አዛወራት። የከተማው ክለብ ግን አልተዛወረም። እስከ ዛሬ የሚጫወተው በሜዮ ነው። በ2017 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው የሜዮው አንዲ ሞራን የዚያ ክለብ ልጅ ነው።

እንግዲህ ሜዮና ሮስኮመን ሲጋጠሙ ባላሃደሪን ምን እንደምትመስል ይገምቱ። በ2017 ሜዮ ደብሊን ባለው በዋናው ስታዲየም በክሮክ ፓርክ ሮስኮመንን በ22 ነጥብ ልዩነት ስታሸንፍ፣ በ2019 ደግሞ ሮስኮመን እስከ ሜዮ ከተማ ካስልባር ድረስ ሄዳ ሜዮን በአንድ ነጥብ ስትረታ፣ በዚህች ከተማ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጥ ነበር። ካርታ የሚሠራ ባለሥልጣን የሰውን ልብ ማዛወር እንደማይችል ያየሁት እዚህ ነው።

አስቀድሞ መፎከር ችግር አለው?

አለው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ተረብና ፉከራ የተለያዩ ናቸው፤ ተራቢው ሌላውን ይነካካል፣ ፎካሪው ስለ ራሱ ውጤት ቃል ይገባል።

በ1982 የሆነው እስከ ዛሬ ይነገራል። ኬሪ አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ወስዳ አምስተኛውን ልትጨምር ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ማንም ያን አድርጎ አያውቅም ነበር። አምስተኛው ድል የተጻፈባቸው ካናቴራዎች ከጨዋታው በፊት ታትመው ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ከተቀያሪ ወንበር የገባው የተጋጣሚዋ ካውንቲ የኦፋሊ ተጫዋች ሼመስ ዳርቢ አንድ ኳስ ከላይ ተቀብሎ ዞረና መረቡን አገኘው። ኦፋሊ 1-15፣ ኬሪ 0-17። በአንድ ነጥብ። ኬሪዎች «ዬራ» ማለትን ከድሮም ያውቁበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ካናቴራ አስቀድሞ ለማሳተም የሚደፍር ሰው አላየሁም።

ሌላውን ቀድሞ መቅበርም እንዲሁ ነው። በ2014 የቴሌቪዥን ተንታኙ ጆ ብሮሊ ኬሪ ከእንግዲህ ተጫዋች ማፍራቷ አብቅቷል ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ኬሪ ዶኒጎልን በፍጻሜ አሸነፈች። የኬሪው ተጫዋች ኪረን ዶናሂ ማይክሮፎን ሲቀርብለት ጊዜ አላጠፋም፤ ካሜራውን እያየ «እሺ ጆ ብሮሊ፣ ስለዚህስ ምን ትላለህ?» አለ። አየርላንድ ውስጥ ይህችን ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

በስታዲየም ውስጥ የሁለቱ ደጋፊዎች በአጥር አይለዩም?

አይለዩም። ክሮክ ፓርክ 82,300 ሰው ይይዛል፤ የሁለቱ ካውንቲ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። አጠገብዎ ያለው ሰው የተለያየ ቀለም ሊለብስ ይችላል፤ ሳንድዊቹን ሊያካፍልዎት፣ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላውን ሊያዘነብልልዎት ይችላል፤ እስከዚያው ግን ስለ አሠልጣኝዎ ያለውን ሐሳብ አይደብቅም። እናት የአንዱን፣ አባት የሌላውን፣ ልጅ የሁለቱንም ቀለም ለብሰው ሲገቡ አይቻለሁ። እኔ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህን ነው።

«ሂል 16» የሚባለው መቆሚያ ብቻ በልማድ የደብሊኖች ነው። በ2006 ግማሽ ፍጻሜ የሜዮ ተጫዋቾች ለማሟሟቅ ቀጥ ብለው ወደዚያ ሄዱ። ሰማያዊ የለበሰው ሕዝብ አበደ። ደብሊኖች ሲወጡ ሜዮዎች ቦታውን አንለቅም አሉ፤ ሁለት ቡድን በአንድ ጫፍ ተጨናንቆ ኳስ ማንከባለል ጀመረ። ያለ አንዲት ቃል የተነገረ ተረብ ነበር። ሜዮ በአንድ ነጥብ አሸነፈች። ፍጻሜው ላይ ኬሪ ምን እንዳደረገቻቸው ለሜዮ ሰው ባይነግሩት ጥሩ ነው።

ድንበሩ የት ላይ ነው?

ስለ ካውንቲ፣ ስለ ቡድን፣ ስለ ዋንጫ ድርቅ፣ ስለ ጭቃና ስለ መንገዱ መበላሸት የፈለጉትን ይበሉ። ስለ ሰው ቆዳ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ቤተሰቡ ሐዘን አይባልም። በ1995 ከደብሊን ጋር ዋንጫ ያነሳው ጄሰን ሸርሎክ አባቱ ከሆንግ ኮንግ ናቸው፤ በሜዳ ላይ የደረሰበትን የዘር ስድብ በግልጽ ተናግሯል። ያ ተረብ አይደለም፤ የማኅበሩ ደንብም ይቀጣበታል። እንዲህ ያለ ቃል ከደረሰብዎ «ጨዋታ ነው» ብሎ ሊያሳልፍብዎት የሚሞክርን ሰው አይቀበሉ። ለክለቡ ኃላፊዎች ይናገሩ።

ሌላም አለ። ስለ ተጫዋቹ በግል ሲናገሩ፣ እናቱ ከኋላዎ ወረፋ ቆማ ሊሆን እንደሚችል ያስታውሱ። ያለ ክፍያ የሚጫወት የሃያ ዓመት ልጅ ነው። አሠልጣኙን መተረብ የተለመደ ነው፤ ኳስ ያመለጠውን ልጅ ግን የራሱም የባላጋራውም ሰው ዝም ይለዋል።

እኔ መጤ ነኝ። ማንን ልደግፍ? መተረብስ እችላለሁ?

የሚኖሩበትን ይደግፉ። ልጆች ካሉዎት ነገሩ ከእጅዎ ወጥቷል፤ የሰፈሩ ክለብ ሕፃናትን ይመዘግባል፣ በዓመቱ መጨረሻ ልጅዎ ከእርስዎ በላይ የሜዮ ወይም የኮርክ ሰው ይሆናል። ላይቤሪያ የተወለደው ቦይዱ ሴይ ለዌስትሚዝ ካውንቲ ተጫውቷል። ፊጂ የተወለደው ሾን ኦግ ኦ ሃልፒን በ2005 የኮርክ የኸርሊንግ (የዱላ ኳስ) ቡድን አምበል ሆኖ ዋንጫውን ሲቀበል ንግግሩን በአይሪሽ ቋንቋ አደረገ። ዝነኛው የሬዲዮ ተራኪ ሚሃል ኦ ሙርሄርታ ስለዚህ ተጫዋች «አባቱ ከፈርማና፣ እናቱ ከፊጂ፤ ሁለቱም የኸርሊንግ አገር አይደሉም» ብሎ ነበር። ልብ ይበሉ፤ የተተረበችው ከፊጂ እኩል እዚያው አየርላንድ ውስጥ ያለችው ፈርማና ነች። ተረብ እንግዳን ከባለአገሩ እኩል ሲያስቀምጥ እንዲህ ነው።

ኸርሊንግ የጌሊክ እግር ኳስ እኅት ጨዋታ ነው፤ በዱላና በትንሽ ኳስ የሚካሄድ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን የገና ጨዋታችን ነው የመሰለኝ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የምንለውን ለወጥ ሰሪዋ ተርጉሜ ስነግራት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ወረቀት ላይ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። እንግዲህ የዚያ አባባል ልጆች ነን፤ ብንተርብ አያስገርምም።

አጀማመሩ ግን በማዳመጥ ይሁን። መጀመሪያ እርስዎን ይተርቡዎታል። ለወራት በትሕትና ብቻ «እንደምን አደርሽ» ሲለኝ የነበረ ጎረቤቴ አንድ ቀን «ሜዮን ደገፍሽ አሉ፤ ችግር አልበቃሽም?» አለኝ። ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ ፈገግ እያልኩ ነበር።

ግጥሚያው ካለቀ በኋላ ለተሸነፈው ምን ይባላል?

በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ቃል ብቻ። እጁን ጨብጠው «ዕድል አልቀናችሁም» ይሉታል። ሲደሰቱ የነበሩትም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ተረቡ የሚመለሰው ከቀናት በኋላ፣ ተሸናፊው ራሱ በሩን ሲከፍተው ነው።

እንቁላሉ ቆብ በደፋበት ዓመት ሜዮ ተሸነፈች። በማግስቱ ጠዋት የአባባን ትሪ ልወስድ ወጥ ቤት ስገባ ትሪው የለም። ክፍላቸው ስደርስ ወጥ ሰሪዋ ሽርጧን እንደለበሰች አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣለች። ሻዩን ራሷ ቀድታላቸዋለች፤ ለእንግዳ በሚወጣው ባለ አበባ ስኒ። ስለ ጨዋታው አንድም ቃል አልተነሳም፤ ስለ ዝናቡና ስለ ድርቆሹ ነበር የሚያወሩት። አባባ ሻያቸውን ጨርሰው ስኒውን ሰሐኑ ላይ ሲያስቀምጡ ትንሽ ያዝ አደረጉት፤ ወደ ብርሃኑ አንሥተው አዩት።

«ይቺን ግን» አሏት፣ «እኔ ጋ ትቆይ።»